"ውጭ አገር ኢኮኖሚክስ ልማር" ሲልሽ፦ ሪያሉን ከመላክሽ በፊት ይህን ሂሳብ አስቢ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ከአገር ቤት የሚመጣው የኢሞ ጥሪ ይበዛል። ጅዳም ሁኚ መካ፣ ጥያቄው ተመሳሳይ ነው። ወንድምሽ፣ ታናሽ እህትሽ ወይም የራስሽ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣም። ወይም አምጥቶ የተመደበበትን አልወደደውም። አንድ ኤጀንት ደሞ "ህንድ ወይ ቱርክ ወይ ቆጵሮስ እናስገባዋለን፤ ኢኮኖሚክስ ይማራል፤ ሲጨርስ ባንክ ሥራ አያጣም" ብሏቸዋል። የቀረው ገንዘቡ ብቻ ነው። ገንዘቡ ደሞ ያለው አንቺ ጋ ነው።

ትምህርት ጥሩ ነው አይደለም ብለን አንከራከርም። ጥሩ ነው። ነገር ግን ኢኮኖሚክስ ራሱ ተማሪውን መጀመሪያ የሚያስተምረው "ይህን ስታገኝ ምን ታጣለህ?" ብሎ መጠየቅን ነው። ገንዘቡን የምትከፍዪው አንቺ ከሆንሽ፣ ጥያቄውን ከእሱ በፊት አንቺ ልትጠይቂው ይገባል።

ጥያቄው ለምን በዛ?

አንደኛው ምክንያት ፈተናው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያመጡት በጣም ጥቂት ናቸው። በ2014 ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ 8.4 በመቶ ሆነ፤ ማለትም ከ585 ሺህ በላይ ተፈታኞች 48,929 ብቻ። ከቀሩት ውስጥ የተወሰኑት በሬሜዲያል ፕሮግራም ሌላ ዕድል ያገኛሉ። ሌላው ግን ቤቱ ቁጭ ይላል። "ያለ ብዙ ጣጣ ውጭ አገር እናስገባለን" የሚሉ ኤጀንቶች የሚፈልጉትም እነዚህን ቤተሰቦች ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 1 ዶላር 57 ብር ግድም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሳዑዲ ሪያል ግን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ 1 ዶላር በ3.75 ሪያል ተቆልፎ አልተነቃነቀም። በብር የሚያገኝ አባት ለውጭ ትምህርት ቤት በዶላር መክፈል ከአቅሙ በላይ ሆነ። ከዘመድ ሁሉ ዶላርን የሚያህል ገቢ ያለው ሰው ማነው ሲባል ጣቱ የሚጠቁመው ወዳንቺ ነው። ይሄ ጭካኔ አይደለም፤ ሌላ በር ስለሌላቸው ነው። አንቺ ግን ቁጥሩን ማወቅ አለብሽ።

ዶላሩን ወደ ወር ደሞዝ ቀይሪው

ኤጀንቱ "በዓመት 3000 ዶላር ብቻ" ብሎ ጻፈ እንበል። ያ 11,250 ሪያል ነው። ደሞዝሽ 1000 ሪያል ከሆነ 11 ወር ከሳምንት ትሠሪለታለሽ ማለት ነው፤ ሳሙና ሳትገዢ፣ ካርድ ሳትሞዪ፣ ለእናትሽ ሳትልኪ።

ወንድምሽ ደሞ እዚያ ይበላል፣ ቤት ይከራያል። ለዚህ በወር 200 ዶላር ብንይዝለት 750 ሪያል ነው፤ በዓመት 9000 ሪያል። ከትምህርት ክፍያው ጋር 20,250 ሪያል ይሆናል። የዓመት ደሞዝሽ ግን 12,000 ነው። አልበቃም! ሦስት ዓመት ቢማር ጠቅላላው 60,750 ሪያል ይመጣል። አምስት ዓመት ሙሉ ያለ አንዲት ሪያል ወጪ ብትሠሪ እንኳ ትንሽ ይጎድልሻል። ቪዛ፣ ቲኬትና የኤጀንት ኮሚሽን ገና አልገቡም። የሁለት ዓመት ኮንትራትሽ የሚያስገኘው 24,000 ሪያል ግማሹንም አይሸፍን።

ይህ ምሳሌ ነው። ያንቺ ቁጥር ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። ስልቱ ግን አይቀየርም፤ ዶላሩን በ3.75 አባዢው፣ በደሞዝሽ አካፍዪው፣ ስንት ወር እንደሆነ እዪው። "ብቻ" የሚለው ቃል ያኔ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባሻል።

ሲመረቅ የሚጠብቀው ደሞዝ

አሁን ደሞ ወንድምሽ ተመርቆ አገሩ ገባ እንበል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደሞዝ፣ ዲግሪ ይዞ የሚጀምር ሠራተኛ በወር 11,500 ብር ያገኛል። 1 ሪያል 40 ብር ብንለው ይህ 288 ሪያል ግድም ነው። ያወጣሽለት 60,750 ሪያል ደሞ በዚሁ ስሌት 2 ሚሊዮን 430 ሺህ ብር ይሆናል። ሙሉ ደሞዙን ሳይነካ ቢመልስልሽ ከ17 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

"ባንክ ቢገባስ?" ትዪ ይሆናል። ባንክ የተሻለ ሊከፍል ይችላል፤ እውነት ነው። ግን የባንክ ክፍት የሥራ ማስታወቂያ ተመልከቺ። አብዛኛው "በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት፣ በኢኮኖሚክስ ወይም ተዛማጅ ትምህርት የተመረቀ" ነው የሚለው። እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ትልቁ ጥንካሬና ትልቁ ድክመት አብረው ይታያሉ። ነርስ የሙያ ፈቃድ አላት፤ ያለ ፈቃድ ሌላ ሰው ቦታዋን መያዝ አይችልም። ኢኮኖሚክስ እንዲህ ያለ ፈቃድ የለውም። ብዙ በር ያንኳኳል፤ ግን እያንዳንዱ በር ላይ ሌላ የሚያንኳኳ አለ። ለሂሳብ ሠራተኛ ቦታ ከአካውንቲንግ ምሩቅ ጋር ይጋፋል፤ ያኛው ደሞ ፒችትሪ ይዞ ይመጣል።

ኢኮኖሚክስ ለብቻው የሚፈለግባቸው ቦታዎችም አሉ፦ ገንዘብ ሚኒስቴር፣ ፕላንና ልማት ሚኒስቴር፣ ብሔራዊ ባንክ፣ የስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የክልል ፋይናንስ ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አዲስ አበባ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጥሩ ለሚከፍለው ቦታ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ይጠይቃሉ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ያቋቋሙት ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን በኢኮኖሚክስ የታወቁ ናቸው። ታዲያ ከኮርኔል የመጀመሪያ፣ ከሚሺጋን ስቴት ሁለተኛ፣ ከስታንፎርድ ደሞ የዶክትሬት ዲግሪ ይዘው ነው። በቴሌቪዥን የምናያቸው ኢኮኖሚስቶች መንገዱን እስከ መጨረሻው የሄዱት ናቸው።

ገበያው ራሱም በሁለት አቅጣጫ እየሄደ ነው። በአንድ በኩል ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው የባንክ አዋጅ ጸድቋል። ጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። እነዚህ መረጃ መተንተን ለሚችል፣ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ኢኮኖሚስት ጥሩ ዜና ናቸው። በሌላ በኩል በዚያው ጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አቁሞ ቆየት ብሎም ዩኤስኤአይዲን ዘግቷል፤ በፕሮጀክቶቹ ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ከሥራ ወጥተዋል። ኤንጂኦ ገብቶ ጥሩ ደሞዝ መብላት የብዙ ምሩቅ ተስፋ ነበር። ያ በር ጠቧል። አሁን ኤንጂኦ ውስጥ ቦታ የሚፈልገው አዲስ ምሩቅ የሚፎካከረው የአሥር ዓመት ልምድ ካለው ሰው ጋር ነው።

ደሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአንቺ ጋር በአንድ አውሮፕላን ከመጡት መካከል ዲግሪ ያላቸው ነበሩ። ምናልባት አንቺም አለሽ። ማዳም የማታውቀው፣ ሻንጣሽ ሥር ያለ ወረቀት። ዲግሪ ብቻውን ሥራ እንደማይሆን ለአንቺ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ወንድምሽ ተምሮ የት አገር፣ በምን ፈቃድ፣ ምን ሥራ እንደሚይዝ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

"እዚያው ይቀራል" ለሚሉሽ

ብዙ ቤተሰብ በልቡ የሚያስበው ይሄንን ነው፤ ተምሮ እዚያው ሥራ ይይዛል፣ ከዚያ እኛንም ይስባል። ይሄ እንደ አገሩ ይለያያል።

ህንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን የተማሩበት አገር ነው። በተማሪ ቪዛ ግን ሥራ መሥራት አይፈቀድም። ወንድምሽ እዚያ እየሠራ ራሱን ይረዳል ካሉሽ፣ በሕጉ አይችልም፤ እስኪጨርስ የምትቀልቢው አንቺ ነሽ። ሰሜን ቆጵሮስ ደሞ ከቱርክ በቀር በሌላ አገር እንደ መንግሥት የማይታወቅ ግዛት ነው። እዚያ ችግር ከገጠመው ማን ዘንድ ሄዶ አቤት እንደሚል አስቢ።

እንግሊዝ አገር ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። ከተመረቀ በኋላም 2 ዓመት ቆይቶ የመሥራት ፈቃድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ግን ወደ 18 ወር እንዲያጥር ተወስኗል። የትምህርት ክፍያው ደሞ ከህንድ ጋር አይወዳደርም። ጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ነገር ግን ለቪዛው ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በተዘጋ ሂሳብ አስቀምጥ ይላሉ፤ የመጀመሪያ ዲግሪውም በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው።

እንግዲህ እዪው፤ ርካሽ በሆነበት መሥራት አይቻልም፣ መሥራት በሚቻልበት መግቢያው ውድ ነው። ኤጀንቱ ሁለቱን ቀላቅሎ ከነገረሽ፣ ነጥለሽ ጠይቂው።

ጅዳና መካስ?

"አንቺ ያለሽበት ቢመጣስ?" የሚሉም አሉ። በቤት ሠራተኛ ኢቃማ ወንድምሽን ማስመጣት እንደማይቻል ታውቂያለሽ። በቢሮ ሥራ በኩልም ሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኒጣቃት ሥርዓት ኩባንያዎች የራሷን ዜጎች እንዲቀጥሩ እያስገደደች ነው። በሂሳብ ሥራ ላይ ለሳዑዲዎች የሚያዘው ድርሻ በየጊዜው እየጨመረ ነው። ከአገር ቤት የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ይዞ መጥቶ ጅዳ ባንክ መቀጠር የማይታሰብ ባይሆንም፣ የቤተሰብ ገንዘብ የሚጣልበት ዕቅድ አይደለም።

በትምህርት በኩል ግን እዚሁ አጠገብሽ ያለ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው በር አለ። ጅዳ ንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ፣ መካ ደሞ ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ አሉ። የሳዑዲ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተማሪዎች "ሚንሃ" የሚሉትን ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ፤ ማመልከቻው ከአገር ቤት በኢንተርኔት ይገባል። ትምህርቱ በአብዛኛው በዓረብኛ ስለሆነ መድረሳ የተማረ፣ ቁርኣን ቤት ያደገ ልጅ ይቀለዋል። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የእስላማዊ ኢኮኖሚክስ ጉባኤ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1976 መካ ላይ ነው። በማግስቱ ዓመት በዚሁ በንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ የእስላማዊ ኢኮኖሚክስ የምርምር ማዕከል ተከፈተ። የእስላማዊ ልማት ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም ጅዳ ነው። ባንኩ አባል ባልሆኑ አገራት ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች የትምህርት ዕድል ይሰጣል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራም ተከትሏል። ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል። ኢኮኖሚክስ ከዚህ ዓይነት ዕውቀት ጋር የያዘ ልጅ፣ "ወይም ተዛማጅ ትምህርት" ከሚለው ሰልፍ አንድ እርምጃ ወጣ ይላል። ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ነገሩ አንድ ነው፤ ሁሉም ካለው ነገር ላይ ሌላው የሌለው አንድ ሙያ መጨመር።

የሚያዋጣው ቅደም ተከተል

የኢኮኖሚክስ ዋጋው የሚጨምረው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ስለዚህ እንደኛ ላለ ቤተሰብ የሚያዋጣው የመጀመሪያውን ዲግሪ አገር ቤት ተምሮ፣ ሁለተኛውን በስኮላርሺፕ ውጭ መማር ነው።

አገር ቤት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ ወጪውን የሚጋራው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አሠራሩ ይሄ ነው። ነጥብ ያላመጣው ደሞ ለሬሜዲያል ከበቃ ያን ይሞክር፣ ወይም በግል ድጋሚ ይፈተን። አንድ ዓመት አስጠንቶ ማስፈተን ከአንድ ዓመት የውጭ ክፍያ ጋር አይወዳደርም። የግል ኮሌጅ ከመረጣችሁ ግን የመውጫ ፈተናውን አትርሱ። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ከአምስት አንዱ እንኳ አላለፈም። ሳያልፍ ደሞ ዲግሪ የለም። ኮሌጁ ከዚያ ወዲህ ስንት እንዳሳለፈ ጠይቁ።

በጥሩ ውጤት የተመረቀ ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክትባቸው ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ዕድሎች አሉ፤ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ፣ የጀርመኑ ዳድ፣ የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የቻይና መንግሥት። ቼቭኒንግ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁ በ11,500 ብር ጀምሮ የሚሠራባቸው ዓመታት አይባክኑም። ያንቺ ድርሻ ያኔ ላፕቶፕ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍያ፣ የመረጃ ትንተና አጭር ኮርስ ይሆናል። ይሄ በሺህ እንጂ በአሥር ሺህ ሪያል የሚቆጠር አይደለም።

አንድ ነገር ደሞ አለ፤ ሂሳብ። ኢኮኖሚክስ "የሶሻል ትምህርት ስለሆነ ይቀላል" ተብሎ የሚመረጥ አይደለም። ካልኩለስ አለው፣ ስታቲስቲክስ አለው፣ ኢኮኖሜትሪክስ የሚባል አለው። ወንድምሽን የጣለው የሂሳብ ፈተና ከሆነ፣ ውጭ አገር የሚጠብቀውም ያው ሂሳብ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ባንቺ ገንዘብ። እንዲህ ላለው ልጅ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ የሚጨበጥ ሙያ መያዝ ውርደት አይደለም። ኤሌክትሪሺያን ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም።

ከመላክሽ በፊት በጽሑፍ የምትጠይቂው

አንደኛ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም በትክክል ማን ነው? የውጭ ዲግሪ አገር ቤት ሲገባ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። "ይህን ተቋም ትቀበላላችሁ? የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ይጠየቃል?" ብለው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሄዶ ይጠይቅ። ያለ አቻ ግምት የመጣ ዲግሪ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጠቅላላ ወጪው እስከ ምረቃ ስንት ነው? የመጀመሪያው ዓመት ብቻ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ክፍያው ለማን ይገባል? ለዩኒቨርሲቲው ሂሳብ በቀጥታ እንጂ ለኤጀንቱ ወይም ለዘመዱ ሂሳብ አትላኪ። ደረሰኙም ባንቺ ስልክ ይምጣ።

አራተኛ፣ የሂሳብና የእንግሊዝኛ ውጤቱ ስንት ነው? ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ።

አምስተኛ፣ አንቺ ብታቆሚ ማን ይቀጥላል? ኮንትራትሽ ሊያልቅ፣ ልትታመሚ፣ ኹሩጅ ልትመቺ ትችያለሽ። በሁለተኛው ዓመት መሐል ክፍያ የቆመበት ተማሪ ዲግሪውንም ገንዘቡንም ያጣል። ለዚህ መልስ ከሌለ አለመጀመር ይሻላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ያንቺስ ድርሻ?

ይህን ስትጠይቂ "ተለወጠች፣ ሪያል አኮራት" የሚል አይጠፋም። ልብሽ ይሰበር ይሆናል፤ ግን እምቢ አላልሽም፣ ጠየቅሽ እንጂ። መርዳት ከፈለግሽ ልክ አብጂለት። ከ1000 ሪያል ይህን ያህሉ ለትምህርቱ፣ ይህን ያህሉ ለእናትና አባት፣ ይህን ያህሉ በስሜ ለሚቀመጥ ብለሽ ወስኚ፤ የመጨረሻውን ማንም አይንካው። በ30 ዓመትሽ ያልቆጠብሽውን በ40 ዓመትሽ የሚቆጥብልሽ የለም። የተማረው ወንድም ያስታውሰኛል ብሎ መተማመን ጥሩ ነው፤ በስምሽ ያለ የባንክ ደብተር ግን ማስታወስ አያስፈልገውም።

ምናልባት ስትመለሽ መማር የምትፈልጊውም አንቺ ራስሽ ትሆኚያለሽ። ያኔም ሂሳቡ ይሄው ነው፤ ስንት ወር፣ የት አገር፣ ምን ሥራ። በዚህ ቤት ውስጥ ወር በወር ገቢና ወጪ ስታስተካክዪ የኖርሽ ሰው ነሽና ለኢኮኖሚክስ እንግዳ አይደለሽም።

አሁን አምስቱን ጥያቄ በድምፅ ቅጂና ለወንድምሽ ላኪለት። መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ሐዋላው ይቆይ። ኤጀንቱ "ቦታው ነገ ይዘጋል" ቢል አትደናገጪ፤ እውነተኛ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ይመዘግባል።